አምቦ ስንተኛው ባይት ላይ ናት?

በጥቅምት ወደ ምዕራብ ሸዋ ያልወጣ ሰው ቢጫን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ቡራዩ አልፎ የወጨጫ ተራራ በስተግራ ብቅ ካለ በኋላ የኑግ ማሳው ይጀምራል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ስንዴው ሊያሽት ነው፤ በመካከሉ ኑጉ ያበራል። ሹፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሆለታ! ሆለታ!" እያለ፣ እኔ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ እፈዛለሁ። ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ለምን ብባል የምደረድረው ምክንያት አላጣም፤ ዛሬ የማወራው ግን ወዳጆቼ ሲሰሙ የሳቁበትን ነው። አምቦ ተቀምጬ፣ የአምቦን ውሃ እየጠጣሁ፣ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መስመሮች የሚጀምሩበትን ቦታ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መፈለግ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ የገዛ ፊደሌን እንደ ድሮው አላየውም።

የጉዞ ማስታወሻዬን የምይዘው በሌጣ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ጌጥ የለው፣ ሠንጠረዥ የለው። ከተማ በደረስኩ ቁጥር ስሟን በአንድ መስመር አሰፍራለሁ፣ ዝርዝሩን ሌላ ፋይል ላይ አስፋፋለሁ። መጀመሪያ ሆለታ ገባች። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ያለባት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የስዊድን መኮንኖች በጦር ትምህርት ቤቷ ያሠለጠኑባት ከተማ ናት፤ አሁን ስሟ የሚነሣው በእርሻ ምርምሩና በወተቱ ነው። እርጎዬን ጠጥቼ አለፍኩ።

ሁለተኛዋ አዲስ ዓለም። እዚህ መውረድ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት፣ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ቆርጠው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። የከተማዋ ስም የሚናገረው ያንን ሐሳብ ነው። ባሕር ዛፍ መጣና አዲስ አበባን ከመነቀል አተረፋት፤ ለቤተ መንግሥት ተብሎ የተጀመረው ሥራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጉብታው ላይ ወጥቶ ቅጽሩን እየዞሩ ቁልቁል ሲያዩ "ይህ ሁሉ ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ይሆን ነበር" ማለት ይመጣል። እግዜር ይስጠው ባሕር ዛፍ፤ ውሃ ይጠጣል እያልን የምናማው አንሶ ዋና ከተማም ነጥቋል።

ጊንጪ ላይ አፈሩ ይጠቁራል፤ መረሬ ነው፣ ክረምት ላይ እግር ይዞ የማይለቅ። በደቡብ በኩል የደንዲ ሐይቅ አለ፣ ከከተማዋ አለፍ ብሎ ደግሞ የጭልሞ ደን። ገና በ15 ዓመታቸው ጫካ ገብተው ጣሊያንን የተዋጉት፣ "የበጋው መብረቅ" የተባሉት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ የዚህ አገር ሰው ናቸው። አራተኛው መስመር አምቦ፣ አምስተኛው ጉደር ሆነ፤ ጉደር ገና ሳልደርስ አስቀድሜ ጻፍኳት፣ መሄዴ አይቀርማ።

አምቦ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት። ውሃዋ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ አገር ውስጥ የትም ቦታ "አምቦ ስጠኝ" ሲባል ሰው የሚጠይቀው ከተማዋን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው። ሁሉቃ ወንዝ መሐሏን አቋርጦ ይሄዳል። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቴክኖሎጂ የሚያስተምረው ግቢ በድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ስም ይጠራል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በዚሁ አካባቢ፣ ቦዳ ነው፤ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይዞ። ይህን የማነሣው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፣ የሁለቱ ቋንቋ ነገር ኋላ ይመጣል።

ታፔላዎቹ ሁሉ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ከላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ከሥሩ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዴ እንግሊዝኛም ይታከላል። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትም እንዲሁ። ወረቀት ላሳትም ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ የጸሐፊዋን ሥራ ማየት ያዝኩ። አንዱ ገበሬ ውክልና ሊያጽፍ መጥቷል፤ ክልሉ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ጉዳዩ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ፣ በአማርኛ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ይጻፍ። እሷም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየቀያየረች፣ የቁልፍ ሰሌዳውን ሳታይ ትጽፋለች። በየመሐሉ ግን አንድ የተጎሳቆለ ደብተር ገልጣ ቁጥር ታያለች፣ ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ትመታለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቅ ይላል።

"ይኼ ምንድን ነው እህቴ?" አልኳት።

"የራሴ መዝገብ ነው ጋሼ። ውክልና፣ የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ ላይ የሚደጋገም አባባል አለ አይደል? አንድ መስመር በኦሮምኛ፣ አንድ መስመር በአማርኛ እያደረግኩ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ነው። ደብተሩ ላይ ያለው የመስመሩ ቁጥር ነው።"

"ፋይሉን ከፍተሽ አትፈልጊውም?"

"ትልቅ ሆነብኛ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው የሚማረው፤ በፓይተን ሠራልኝ። መስመሩ የሚጀምርበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ዘሎ ሄዶ ያመጣዋል።" ከዚያ ወረቀቴን ልታትም የያዘችውን ፍላሽ አየችና "የእርስዎን ላሳይዎት?" አለች።

የአምስቱ ከተሞች ፋይል ተከፈተ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ጥቂት ነገር ጻፈች፤ የወጣው ይህ ነበር፦ 0፣ 10፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60።

"አምቦ 40 ላይ ናት" አለችኝ።

ይህን ቁጥር ለመረዳት አንድ ነገር ማመን ያስፈልጋል፤ ፋይል ውስጥ መስመር የሚባል ነገር የለም። ዓይናችን መስመር የሚያየው አርታኢው ፕሮግራም ስለሚከፋፍልልን ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ከዜሮ እስከ 255 የሆኑ ቁጥሮች ተከታታይ ሰልፍ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ባይት ይባላል። ከሰልፉ መካከል 10 የሚል ቁጥር ሲገኝ "እዚህ ላይ መስመር አለቀ" ማለት ነው። የአዲስ አበባ–አምቦ መንገድም ራሱ የተዘረጋ አስፋልት ነው እንጂ ከተማ ከተማ ተብሎ አልተቆራረጠም፤ ጊንጪ የት እንደሆነች የሚያውቅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኪሎ ሜትሩን የቆጠረ ነው። አራተኛው መስመር የት እንደሚጀምር ለማወቅም ከዜሮ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ 10ን ማለፍ እንጂ አቋራጭ የለም። ኮምፒዩተር አስማተኛ ነው የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል፤ እሱም በእግሩ ነው የሚሄደው። ብልሃቱ አንዴ ሄዶ የደረሰበትን መጻፍ ነው፤ ይህ የቦታዎች ዝርዝር ማውጫ ይባላል።

ቁጥሮቹን ለማየት "አምቦ" የሚለውን ቃል በባይት እንዲገለጥ አደረገችልኝ፦

225 138 160 – አ
225 136 157 – ም
225 137 166 – ቦ

እዚህ ላይ ነው ፍቅሩ የያዘኝ። እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው፣ ሁሉም በ225 ይጀምራል። ሀም 225 136 128 ነው፤ አራት ነጥብም 225 141 162 ነው። ፋይሉን እንደ ቁጥር ቢያነቡት በየሦስት እርምጃ 225፣ 225፣ 225 እያለ ይሄዳል፤ ለእኔ እንደ ከበሮ ምት ሆኖ ነበር የሚታየኝ። የአማርኛ ጽሑፍ መሆኑን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ከርቀት ይለየዋል። ሂሳቡም ቀላል ነው፤ "ሆለታ" ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት፣ ከመስመር ማብቂያው ጋር 10። "አዲስ ዓለም" ስድስት ፊደል፣ 18 ባይት፣ ክፍት ቦታው አንድ፣ ማብቂያው አንድ፣ 20። "ጊንጪ" 10። ሲደመር 40፤ አምቦ።

"በፊደል ብንቆጥርስ?" አልኳት።

"እሱን ነው ወንድሜ መጀመሪያ ያሳየኝ" ብላ ሳቀች። ፓይተን ፋይሉን በጽሑፍ ዓይነት ከተከፈተለት "ሌን" የሚባለው መለኪያ የሚቆጥረው ፊደል ነው፤ በዚያ ስሌት ጊንጪ 12 ላይ፣ አምቦ 16 ላይ ትመጣለች። ወደ 16 ዝለል አለችው። ወደ ባይት ቦታ የሚያዘልለው ትእዛዝ "ሲክ" ነው፤ የቆሙበትን ቦታ የሚናገረው "ቴል"፤ አንድ መስመር የሚያነበው "ሪድላይን"። ዘሎ አነበበና መለሰ፦ "ስ ዓለም"። አምቦን ፈልገን አዲስ ዓለም ወረድን፣ ያውም በሦስተኛው ፊደሏ ላይ። ወደ 12 ሲባል ደግሞ ጭራሽ እንቢ አለ፤ 12ኛው ባይት የ"አ" ሦስተኛ ቁራጭ ስለሆነ "በዚህ የሚጀምር ፊደል አላውቅም" የሚል ስሕተት ጮኸ። እኔ በጩኸቱ ደስ አለኝ። ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ከሚሰጥ ፕሮግራም የሚጮኸው ይሻላል፤ 12 ላይ የጮኸው 16 ላይ ዝም ማለቱ ነው የሚያስፈራው።

መፍትሔው ፋይሉን በባይት ዓይነት፣ ማለትም "አር-ቢ" በሚባለው አከፋፈት መክፈት ነው። ያኔ "ሌን" ባይት ይቆጥራል፣ ድምሩ ከዲስኩ ጋር ይስማማል። አሠራሩ ሲጀመር እንዲህ ነው፦

ቦታዎች = [0]

ይህ ተረት አይደለም፣ እውነተኛ የፓይተን መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የወጣው ፓይተን 3 ለተለዋዋጭ ስም የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። "ፎር" እና "ኢን" የመሳሰሉት ቁልፍ ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ቀርተዋል፣ የሚቀየሩም አይመስለኝም፤ ዕቃችንን ግን በስማችን መጥራት እንችላለን። ከዚያ ለእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻውን ቁጥር ከመስመሩ የባይት ርዝመት ጋር ደምሮ ዝርዝሩ ጫፍ ላይ መቀጠል ነው፤ ሌላ የለውም። ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር አራተኛው መስመር ቦታዎች[3] ይባላል፣ መልሱም 40 ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው 60 የፋይሉ ጫፍ ነው፤ ብዙ ሰው ይጥለዋል፣ እኔ አልጥለውም። እሱ ካለ የማንኛውም መስመር መጀመሪያና መጨረሻ ጎን ለጎን ይገኛል፤ የጉደር ርዝመት 60 ሲቀነስ 50።

"ለምን ቴልን በየመስመሩ አትጠይቂውም?" አልኩ፤ መደመር ለምን አስፈለገ ብዬ ነው። ለካ በጽሑፍ ዓይነት የተከፈተ ፋይል በ"ፎር" እየተነበበ ሳለ ቴል ቢጠየቅ አይመልስም፤ "በዚህ መሐል ቦታ መናገር ተከልክሏል" ይላል። ምክንያቱ አንባቢው ለፍጥነት ሲል ገና ያልተጠየቀውን ጭምር አስቀድሞ ወደ ማኅደረ ትውስታ ስለሚጭን፣ እርስዎ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳሉ እሱ ምናልባት ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። በ"ሪድላይን" አንድ በአንድ ካነበቡት ግን ይናገራል። እንደዚያም ሆኖ በጽሑፍ ዓይነት ቴል የሚሰጠው ቁጥር ለሲክ ተመልሶ ሊሰጥ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሊደመር፣ ሊቀነስ፣ ርዝመት ሊለካበት አይገባም። በባይት ዓይነት ከተከፈተ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ገበሬው ውክልናው ተጽፎለት ሲወጣ እኛ ገና እዚያው ነን። የራሷን መዝገብ ከፈተችልኝና እውነተኛው ትምህርት ያለው እዚያ ሆኖ አገኘሁት። አንድ መስመር በቁቤ፣ አንድ መስመር በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ እያንዳንዱ ሆሄ አንድ ባይት ነው። "አምቦ" በቁቤ ሲጻፍ የመጨረሻው አናባቢ ስለሚደገም አምስት ሆሄ ይሆናል፤ ለዓይን ከእኛ ሦስት ፊደል ይረዝማል፣ ዲስኩ ላይ ግን አምስት ባይት ብቻ ነው፣ የእኛው ዘጠኝ። ስለዚህ በዚህ መዝገብ ውስጥ አንዱ መስመር ቀላል አንዱ ከባድ እየሆነ ይሄዳል፤ በፊደል ቆጥሬ ቦታ አገኛለሁ የሚል ሰው በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ፋይል ላይ ምናልባት በሦስት አባዝቶ ይጠጋ ይሆናል፣ ይህን ሁለት ፊደል የተቀላቀለበት መዝገብ ግን በምንም ማባዛት አይደርስበትም። ሁዻ የሚባለው የቁቤ ምልክትም አለ፤ ቀጥ ያለው ጭረት ከተመታ አንድ ባይት፣ ዎርድ አጎንብሶ የሚያሳምረው ከገባ ሦስት። የሰው ዓይን አይለየውም፣ ባይቱ ይለየዋል።

ልዩነቱ የቋንቋው አይደለም፣ የፊደሉ ነው። አፋን ኦሮሞም በግዕዝ ፊደል ብዙ ተጽፏል፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ኋላ ኦነሲሞስ ያስተማረባት ነቀምት በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ናት፤ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን አልፎ። ያንን መጽሐፍ ዛሬ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሰው ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይከፍላል። ቁቤ የሥራ ፊደል ሆኖ ከጸደቀበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈው ደግሞ በአንድ ባይት ይሄዳል። ለምን እኛ ሦስት ከፈልን ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ እኔ አልተቆጣሁም። ይህን አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ የኮምፒዩተር ሊቃውንቱ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የነደፉት እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ ነው። ግዕዝ የዓለም ፊደላት መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ገና ቦታ ላልተሰጠው ፊደል አስቀድሞ ክፍት በር የተወ ንድፍ መሆኑን ሳስብ፣ ሁለት ተጨማሪ ባይት ብዙ ዋጋ አይመስለኝም።

ደግሞ ሌላ ውለታ አለበት። ጸሐፊዋ ድሮ አንድ ደንበኛ ያመጣላትን ፋይል አስታወሰች፤ ማውጫ ቢሠራለት መስመሩ ሁሉ ተበጣጥሶ የወጣ፣ ወንድሟ ሌሊቱን ሙሉ የታገለው። ፋይሉ የተቀመጠው በዩቲኤፍ-8 አልነበረም፤ ኖትፓድ ቀድሞ "ዩኒኮድ" ይለው በነበረው፣ ዩቲኤፍ-16 በሚባለው ነው። በዚያ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ነው፣ ቁጥብ ይመስላል። ጉዱ ያለው በ"ለ" ቤት ነው። "ሊ" በዩቲኤፍ-16 ሲጻፍ ሁለቱ ባይቶች 10 እና 18 ናቸው። አሥር! የመስመር ማብቂያው ቁጥር። በባይት መስመር የሚቆጥር ፕሮግራም "ጣሊያን" የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር "ሊ" ላይ መስመር አለቀ ብሎ ይቆርጠዋል፤ የቀረው ሁሉ በአንድ ባይት ተዛንፎ ይበላሻል። ስለ ጃገማ ኬሎ አርበኝነት የተጻፈ ፋይል ቢሆን አስቡት፤ ጣሊያን በየገጹ ለሁለት ይሰነጠቃል። ነፍስ ይማር፣ እሳቸው ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። "ል"ም ዝምድና አለው፣ 13ን ይዟል፤ 13 ዊንዶውስ ከ10 በፊት የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። በዩቲኤፍ-8 ግን ከ128 በታች ያለ ቁጥር ከአንድ ባይት በላይ በሆነ በምንም ፊደል ሆድ ውስጥ አይገባም። 10 ካዩ እውነተኛ የመስመር ማብቂያ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ማመን ይቻላል።

የዊንዶውስን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ የእኔ አምስት መስመር እዚያ ተጽፎ ቢሆን ማብቂያው ሁለት ባይት ስለሚሆን አምቦ 40 ላይ መሆኗ ቀርቶ 43 ላይ ትገኝ ነበር። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት የማይታዩ ባይቶች የሚያስቀምጥ ፕሮግራምም አለ፤ ያኔ ሁሉም በሦስት ይገፋል። በባይት የሚቆጥር ሰው ሁለቱም አያሳስቡትም፣ ያለውን እንዳለ ይቆጥራልና።

ማግሥቱን ጉደር ሄድኩ። 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባጃጅም ሚኒባስም አይጠፋም። ከድልድዩ ላይ ሆኖ ውሃውን ማየት በዚህ ወቅት ነው፤ ክረምቱ ያልሸሸ፣ ቡናማ፣ ጉልበተኛ። ሁሉቃም ወደ እሱ ገብቶ አብረው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በስሙ ቀይ ወይን ጠጅ አለ፤ ወንዙ ይበልጣል። ከፏፏቴው አካባቢ አንዲት ጥላ ያላት ቡና ቤት ተቀምጬ የትናንቱን ለብቻዬ ደገምኩት፣ ከራሴም ጥያቄ ጨመርኩበት፤ መስመሩ አምስት ባይሆን አንድ ሚሊዮን ቢሆንስ?

ማውጫው ይከብዳል። ፓይተን በተራ ዝርዝር ውስጥ የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ቁጥር 28 ባይት ያህል የሚይዝ ዕቃ ነው፣ ወደ እሱ የሚጠቁመው ሌላ ስምንት። "አሬይ" የተባለውን ክፍል ከተጠቀሙ ግን ለአንድ ቁጥር ስምንት ባይት ብቻ ነው፤ ሚሊዮኑ በስምንት ሚሊዮን ባይት ያልቃል፣ የአንድ ሙዚቃ ያህል ነው። እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ሁሉም ቁጥር እኩል ስምንት ባይት ከሆነ ማውጫውን ራሱን ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሺኛው መስመር ቁጥር የሚጀምረው ባይት 7,992 ላይ ነው፣ 999ን በስምንት ማባዛት ብቻ ነው። ማውጫው ማውጫ አያስፈልገውም! መስመሮች እኩል ስላልሆኑ የተቸገርነው ችግር፣ ስለ እነሱ የሚናገሩት ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ ተፈታ። ሁለት ዝላይ ነው፤ አንዱ ማውጫው ላይ፣ አንዱ ፋይሉ ላይ። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢያድግ ሁለት ዝላይ።

የተገላቢጦሹም ይሠራል። ባይት 45 የየትኛው ከተማ ነው? "ባይሴክት" የሚባለው መሣሪያ የተደረደሩትን ቁጥሮች እያጋመሰ ይፈልጋል፤ 40 እና 50 መካከል ነው፣ አምቦ። ሚሊዮን መስመር ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ቢያጋምስ ይደርስበታል። በፊደል መሐል የወደቀ ሰው ደግሞ ወደኋላ ቢበዛ ሁለት እርምጃ ሄዶ 225ን ያገኛል፤ ከዚያ ፊደሉ ሙሉ ነው።

ሳልረሳው፣ ይህ ሁሉ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ፋይሉ ጥቂት ሺ መስመር ብቻ ከሆነ አንዴ ሙሉውን አንብቦ በዝርዝር መያዝ ይበቃል፤ ማውጫ መሥራት ጌጥ ነው። ጸሐፊዋም ብትሆን መዝገቧ እስኪያድግ ያለሱ ሠርታለች። ደግሞ ማውጫ የሚያገለግለው ፋይሉ እስካልተነካ ድረስ ነው። ከላይ አንድ የግዕዝ ፊደል ቢጨመር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በሦስት ባይት ይሸሻል፤ መጨመር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔ አሮጌዎቹ ቁጥሮች ባሉበት ይጸናሉ። እሷ አዲስ አባባል ስታገኝ የምትቀጥለው ከግርጌ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ደብተሯ ለዓመታት ያልተሰረዘው።

አንባቢ ሆይ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ያጠራቀምከው ጽሑፍ ካለህ፣ የአያትህ ደብዳቤም ይሁን የመሥሪያ ቤትህ መዝገብ፣ ዛሬውኑ ከፍተህ በምን እንደተቀመጠ እይ። ዩቲኤፍ-16 ከሆነ ወይም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ ፎንቱ ሲጠፋ ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር የሚሆን ከሆነ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8 አዛውረው፤ ኋላ መስመሩን የሚፈልግልህ ሰው አንተን አያውቅህምና 10ን ብቻ አምኖ ነው የሚሄደው። አምቦ ከሄድክ ደግሞ ላፕቶፕ ይዘህ ሂድ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጉደርንም ሳታይ አትመለስ።